የአባባ እንድሬ ከፈን

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ነፍሷን ይማርና ሳትሰማው ሞተች። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ሰው ማማቴን፣ ማኩረፌን፣ ተማሪ መግረፌን ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልኩ አልፋለሁ። እሳቸው "ሌላስ?" ይሉኛል። እኔ "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ዋናው የተደበቀው እዚያ ነበር።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ ስሙኝና ፍረዱኝ። ብቻ ከመፍረዳችሁ በፊት ጨርሱት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮምቦልቻ ውስጥ ልጆችን ማንበብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ግማሽ ላይ የሚያቆም አንባቢ ያናድደኛል። ከዚያ የባሰ የሚያናድደኝ ደግሞ ፊደሉን ሳያይ ከልቡ እየገመተ የሚያነበንብ ልጅ ነበር። ጆሮውን ይዤ "ያለውን አንብብ! ደስ ያለህን አይደለም፣ ያለውን!" እለው ነበር። ይህችን አባባሌን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣብኛለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የተወለድኩት በቢስቲማ በኩል፣ የክርስቲያኑና የእስላሙ እርሻ በአንድ ድንበር በሚዋሰንበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ በሆነበት ቀበሌ ነው። አባቴ ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ከንብረቱ ሁሉ የሚከበረው አንድ ሥዕል ነበር። በእንጨት ገበታ ላይ የተሳለ፣ እንደ መስኮት የሚከፈትና የሚዘጋ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበት፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚሉት። የአያት የቅድመ አያቶቻችን ቅድመ አያቶች የተሳለሙት ጥንታዊ ሥዕል ነው። በዓመት አንድ ቀን ካልሆነ ከመጋረጃው አይወጣም። ያን ቀን እስላም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያዩት ነበር።

እኔ ደሴ መምህርነት እየተማርኩ ሳለ በአገራችን ቅርስ የሚሰርቅ በዛ። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን መስቀል ጠፋ፣ ከሌላው የብራና መጽሐፍ። ግንብ ሳይፈርስ፣ ቁልፍ ሳይሰበር ነው የሚጠፋው። አባቴ ሌባው ከውስጥ ነው ብለው ጠረጠሩ። ስለዚህ ማንንም ሳያማክሩ ሥዕሉን በጋቢያቸው ሸፍነው አወጡትና ለጎረቤታቸው ለአባባ እንድሬ ሰጧቸው። እንድሪስ ነው ሙሉ ስማቸው፤ እኛ እንድሬ እንላቸዋለን። ገበሬ ናቸው፣ ሶላታቸውን የማያዛንፉ እስላም፣ ከአባቴ ጋር አብረው ከብት ያገዱ። የማርያምን ሥዕል እስላም ቤት ሄዶ የሚፈልግ ሌባ የለም፤ የአባቴ ብልሃት ይህ ነበር። ብልሃቱ ደህና ነበር፤ የተበላሸው በእኔ ነው።

አባቴ የሞት አልጋ ላይ ሳሉ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርገው ነገሩኝ። "ሥዕሏ እንድሬ ዘንድ ናት። ለማንም እንዳይናገር፣ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። አንተ ስትሄድ ብቻ ይሰጥሃል። ተቀብለህ በካህናቱ ፊት መልሳት፣ እኔ እንደሰጠሁትም ተናገር" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። አባቴ ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን አባባ እንድሬ ለለቅሶ ተቀምጠው ዋሉና፣ ሰው ዞር ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

"ልጄ፣ ያባትህ አማና እኔ ጋ ናት። በፈለግኸው ቀን ና" አሉኝ።

"እመጣለሁ አባባ" አልኳቸው፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ግን ሰነበትኩ።

እንግዲህ አላውቅም ነበር ልል አልችልም። አውቃለሁ። ማወቄንም አባባ እንድሬ ያውቃሉ።

አዲሱ ቄሰ ገበዝ ቁልፉን ሲረከብ ሥዕሉ የለም። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። ቄሱ ሸጠውታል፣ ልጃቸውን ከተማ ያስተማሩት በምን ሆነና ተባለ። ካህናቱም ሥዕሉ ያለበት ሳይታወቅ ለአባቴ የአርባ ቀን ተዝካር ፍትሐት አናደርስም አሉ። እናቴ እህል አልቀምስ አለች። ለአንድ ቄስ ያለ ተዝካር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ በሬሳው ላይ የሌባ ስም መለጠፍ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ማኅላ ይደረግ አሉ። ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እስላሙ በቁርአን፣ ጎጆ ያለው ሁሉ በየተራ ወጥቶ "ያለችበትን አላውቅም" ብሎ ይምላል። ያልማለ ይጠየቃል።

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? ብዙ አስቤዋለሁ። "ቄሱ የማርያምን ሥዕል ለእስላም አሳልፈው ሰጡ" መባሉ አይቀርም ነበር። ካህናቱ መቆጣታቸው፣ እናቴ ማልቀሷ፣ ተዝካሩም መቆየቱ አይቀርም። ቢሆንስ? ማን ይሞት ነበር? እኔ ግን ብልጥ ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ። ተዝካሩ ስምንት ቀን ነው የቀረው፤ ዛሬ እምላለሁ፣ ተዝካሩ በሰላም ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ሥዕሉን ተቀብዬ አስቀምጠዋለሁ ብዬ አሰላሁ። አባባ እንድሬም ይምላሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ለእኔ የቀለለኝ ነገር ለእሳቸውም የሚቀልላቸው መስሎኝ። እኔ የቄስ ልጅ፣ አንድ እስላም ገበሬ ቁርአን ይዞ ከሚዋሽ መታሰር እንደሚመርጥ አልገመትኩም።

የአባቴን ጎጆ ወክዬ ተነሳሁና ማልኩ። መስቀሉን ተሳልሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያለችበትን አላውቅም ብዬ ማልኩ። አባባ እንድሬ ከማዶ ከእስላሞቹ ጋር ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። ያን አፍ እስከ ዛሬ አየዋለሁ። የሳቸው ተራ ሲደርስ ተነሱ፣ ታጥበው መጡ፣ ቁርአኑ ፊት ቆሙ፣ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

"ማል እንጂ እንድሬ" አሏቸው ሼሁ።

"አልምልም።"

"ታውቃለህ ማለት ነው?"

"አልምልምም፣ አልናገርምም" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸውን እኔ ላይ አሳርፈው ቆሙ። እየጠበቁኝ ነበር። ተነስቼ አንዲት ቃል፣ "ፈቅጃለሁ አባባ፣ ይናገሩ" ብል አደራው ከእጃቸው ይወርድ ነበር፤ ቃላቸው የታሰረው በእኔ ነው። እኔ ጫማዬን አየሁ። አዲስ ጫማ ነበር፣ ከደሴ የገዛሁት። ስለ ጫማው አሰብኩ። ይታያችሁ፣ ሰው እየተቀበረ ስለ ጫማ።

ሄደው ቤታቸውን በረበሩት። ሥዕሉ ከጎታው ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር፣ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ተገኘ። አቡጀዲው አባባ እንድሬ ለራሳቸው ከፈን ብለው ገዝተው ያስቀመጡት ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ንጹሕ ጨርቅ በቤታቸው ስላልነበረ፣ ለጓደኛቸው አደራ የሚገባው እሱ ነው ብለው ጠቀለሉበት። ይህን ያኔ አላወቅሁም። ሕዝቡ ግን "ሌባ!" አለ። በራሳቸው ጥምጥም እጃቸውን አሰሯቸው። ክርስቲያኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ወገናቸው "አዋረድከን" ብሎ ምራቁን ተፋባቸው። እሳቸው ግን ከታሰርኩ ወዲያ ቃሌ ይፈታል ብለው እንኳ አልተናገሩም። ታስረው ከረሙ።

የአባቴ ተዝካር አማረ። አባባ እንድሬ ከመታሰራቸው በፊት ለተዝካሩ ብለው አንድ ኩንታል ጤፍ ልከው ነበር። በላነው። እኔም በላሁ። ከዚያ በኋላማ ስምንቱ ቀን አለፈ፣ የምፈራው ነገር አልነበረም፤ ለምን አልተናገርኩም? ይህን ጥያቄ ራሴን ሺህ ጊዜ ጠይቄ መልሱ አንድ ነው፦ በመስቀል የማለውን ሰው፣ እኔን፣ ለማዳን። አባቴን ለማዳን የጀመርኩት እኔን ለማዳን ሆነ። አንድ ቀን ያለፈው ሁለተኛውን ቀን ከባድ አደረገው፣ ወር ያለፈው ዓመቱን። አባባ እንድሬ ሲፈቱ በቀበሌው ሰላም የሚላቸው ጠፋ። ልጃቸው ዘሀራ ኒካሏ ሊታሰር ወር ቀርቶት ነበር፤ የሌባ ልጅ አናገባም ተብሎ ቀረ። አገር ለቀው ኮምቦልቻ ገቡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጆንያ ተሸከሙ።

እኔም የተመደብኩት ኮምቦልቻ ነበር። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ማምለጫ አልነበረኝም። ይረግሙኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"የቄሱ ተዝካር አማረ?" አሉኝ።

"አማረ አባባ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ትመጣለህ ብዬ ነበር እኮ ልጄ" አሉኝ። ጆንያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየኋቸውም። ሲሞቱ ሰማሁ፣ ቀብራቸው ላይ አልሄድኩም።

አሁን ክህደቴ ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ አላለቀም። ከዓመታት በኋላ ካህናቱ ሥዕሉ እንዳይጠፋ ብለው ደሴ ለተከፈተ አንድ አነስተኛ ሙዚየም በአደራ ሰጡት። ሙዚየሙ ታሪኩ ተጽፎ ይምጣ አለ። የቀበሌው ሰው ማንን ያስታውስ? የተማረውን፣ የቄሰ ገበዙን ልጅ። "አንተ ጻፍልን" ብለው ኮምቦልቻ ድረስ መጡ። እውነቱን ለመጻፍ ወረቀትና ብዕር በእጄ ተሰጠኝ። ምን ጻፍኩ? "ሥዕሉ ተሰርቆ በአንድ ገበሬ ቤት ጎታ ውስጥ ተደብቆ ሳለ በአካባቢው ሕዝብ ጥረት ተገኝቷል። በአጠገቡ የሚታየው ጨርቅ ሌባው የጠቀለለበት ነው" ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ እጅ ጽሕፈት። ስለዚህ የሙዚየሙን ስም አልጠራም፤ እነሱ የጻፍኩላቸውን አምነው ነው የለጠፉት።

ባለፈው ወር ለጉዳይ ደሴ ወጥቼ በሰኞ ገበያ ሳልፍ ከሽንኩርቱ ተራ "ጋሼ! ጋሼ አስናቀ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘሀራ ነበረች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዓይኗ ግን የአባቷ ነው። ልሮጥ ነበር፣ እሷ ግን እጄን ይዛ ሳመችው። ሥዕሉ እዚሁ ደሴ ሙዚየም ውስጥ አለ ብሎ ሰው ነግሯት፣ ማንበብ ስለማትችል ብቻዋን መሄድ ፈርታ፣ የምታምነው ሰው ስትጠብቅ ነበር። የምታምነው ሰው እኔ ነኝ።

"ወላሂ ጋሼ፣ እንዲህ በላያችን ያስወራውን ነገር ባይኔ ልየው። አንተ ታነብልኛለህ" አለችኝ። ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ተከተለችኝ።

ሙዚየሙ የድሮ መኳንንት ቤት ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት፣ ሲረግጡት የሚንቋቋ ወለል። ዘሀራ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀች፤ አስተናጋጇ አያስፈልግም አለቻት፣ እሷ ግን አወለቀች። የብራና መጻሕፍቱን፣ የመጾር መስቀሉን አልፈን መጨረሻው ክፍል ገባን። ሥዕሉ ከመስታወት ጀርባ ተከፍቶ ቆሟል። እመቤታችን እነዚያን ትልልቅ ዓይኖቿን ወደ ጎን አድርጋለች፤ አዲስ መብራት በርቶባት ቀይና ሰማያዊው ከልጅነቴ ይልቅ ደምቆ ታየኝ። ዘሀራ ግን ሥዕሉን አላየችም። ከሥሩ የታጠፈውን ነጭ ጨርቅ አየች።

"ያረቢ! ይሄ ያባቴ ከፈን ነው" አለች። "እኔው ነኝ ጠርዙን የቀመቀምኩት። ይኸው፣ ክሩ ጥቁር ነው፣ ነጭ ክር አጥቼ። አባቴን እኮ ጎረቤት ባዋጣው ጨርቅ ነው የቀበርነው ጋሼ።" ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቆየች። ከዚያ ወረቀቱን በጣቷ አሳየችኝ። "ምን ይላል? አንብብልኝ።"

የገዛ ጽሑፌ ነው። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። መነጽሬን አደረግሁና አነበብኩላት፦ "ይህን ሥዕል በክፉ ጊዜ ጠብቀው ያቆዩት እንድሪስ የተባሉ ገበሬ ናቸው። ከቄሰ ገበዙ በአደራ ተቀብለው፣ ታስረው ተንገላተው እንኳ ምስጢሩን አላወጡም። ጨርቁ የራሳቸው ከፈን ነው።" እንዲህ ብዬ አነበብኩ። በሕይወቴ ስለዚህ ነገር እውነቱ ከአፌ የወጣው ያን ቀን ነው፣ የወጣውም ውሸት ሆኖ ነው።

ዘሀራ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያለቀሰችው ለቅሶ የደስታ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ለቅሶ ይልቅ ብትመታኝ በወደድኩ። "አውቅ ነበር! ስሙንም ጻፉት?" አለች። "ጽፈውታል" አልኳት። "የጻፈውን ሰው አላህ እጁን ይባርከው" አለች። ቀጥላም፣ "አባቴ ሊሞት ሲል 'የቄሱ ልጅ አንድ ቀን ይመጣል' ይል ነበር። እኔ ሊጠይቀው የሚመጣ ነበር የመሰለኝ። ይኸው መጣህ ጋሼ" አለችኝ።

እኔ ዝም አልኩ። አሁንም ዝም አልኩ! ስንት ጊዜ ነው አንድን ሰው የሚክዱት? ጎልማሳ ሆኜ ካድኳቸው፣ ብዕር ይዤ ካድኳቸው፣ ሸምግዬ በልጃቸው ፊት ካድኳቸው።

ዘሀራ ዝም አላለችም። ለሽንኩርቱ ተራ ሁሉ፣ ለመስጊዱ ሴቶች፣ ያባቴ ስም ደሴ ላይ ተጽፏል ብላ አወራች። ልጇ ኑሩ ሰመራ ሾፌር ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ እረፍት ወስዶ ይመጣል። ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ቢስቲማ ላለው ዘመድ ሁሉ ሊያሳይላት ነው። ኑሩ ማንበብ ይችላል።

ይህን ስሰማ ያደረግሁትን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ገና ያልጨረስኩ ፈሪ መሆኔን እወቁ። ወደ ሙዚየሙ ሮጥኩ። ልናዘዝ አይደለም፤ ቅዳሜ ሳይደርስ ወረቀቱን አንሱልኝ ልላቸው። ኃላፊዋ ልጅ እግር ናት፣ በትሕትና ሰማችኝ። "አባቴ፣ በቃል አንቀይርም። ስህተት ከሆነ ትክክለኛውን ይጻፉና ይፈርሙልን፣ ማን እንደሰጠው፣ ማን እንደተቀበለ፣ እርስዎም በምን እንዳወቁ" አለችኝ። በምን እንዳወቅሁ! ኮምቦልቻ እስክወርድ ድረስ በታክሲው ውስጥ ይህ ቃል አልለቀቀኝም።

ጻፍኩ። ይህ ነው የጻፍኩት። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ፊርማዬ ያለበት ለሙዚየሙ ገብቷል። እነሱ ተመካክረው እስኪቀይሩት አሮጌው ወረቀት ቦታው ላይ ይቆያል፤ ይቆይልኝ ብዬ የለመንኩትም እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ኑሩ፣ ቅዳሜ በሙዚየሙ በር ላይ ቆሜ ለአንተ እሰጥሃለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅም ልጄ። የምጠይቃቸው ሰው መናኸሪያው ዳር ጆንያ ተሸክመው ጠብቀውኝ አልፈዋል። እናትህ የዋህ ናት፣ ብጠይቃት "አፉ ብያለሁ" ትለኛለች፤ ስለዚህ አልጠይቃትም። ከፈኑን ለናንተ እንዲመልሱ ለምኛለሁ፤ እሺ ካሉ የእሷ ነው።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ክፍል ግቡ፣ መስታወቱ ላይ ያለውን አንብብላት። "ሌባው" የሚለው ላይ ስትደርስ ለእናትህ አዝነህ አትዝለለው፣ ለእኔም ለሽበቴ አትዘን፤ እኔ ከአጠገባችሁ እቆማለሁ፣ ጫማዬን አላይም። ከዚያ ይህን ክፈትና ከመጀመሪያው ጀምር። እኔ እንዳነበብኩላት አታንብብላት ኑሩ። ያለውን አንብብላት።